ያን ፉንጋ ከየት አመጣኸው?

ተሼዬ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ደጅ ላይ ነው። በእንጦጦ በኩል ደመናው መከመር ጀምሯል። ሱሉልታ እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ አቧራ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ባለህበት ደህና እንድትሆን ስጸልይ ከርሜአለሁ። ይህን የምጽፍልህ ግን ናፍቆት ብቻውን ገፋፍቶኝ እንዳይመስልህ። ናፍቀኸኛል፣ እሱን ታውቃለህ። ግን ደግሞ ጠርጥሬሃለሁ። ሰው ከሞተ በኋላም ይጠረጠራል ወይ ትለኝ ይሆናል። ይጠረጠራል ተሼ። እንዲያውም መልስ ስለማይሰጥ ይብሳል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓሮውን ቆርቆሮ አጥር ነፋስ ጥሎት በብሎኬት አሠራሁት። ሰርቪሷን ማርታ ለምትባል ልጅ አከራይቻለሁ፤ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ጨዋ ልጅ ናት፣ እሁድ እሁድ እየዘመረች ነው የምትለብሰው። እርሷንም መጀመሪያ ጠርጥሬያት ነበር፣ አሁን ትቻለሁ። አጠገባችን ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ፎቅ ጀምረዋል። ከሰዓት በኋላ ጥላው የአይሪስ መደቦችህን እየሸፈነ ሲያስቸግረኝ ነቅዬ ወደ በሩ በኩል አዞርኳቸው። አንተ እንዳስተማርከኝ ሥራቸውን አፈር ውስጥ አልቀበርኩትም፤ እግሩ ከአፈር፣ ጀርባው ከፀሐይ። አንድም አልሞተብኝም።

የመጨረሻው ዘርህም ዘንድሮ አበበ። ከፉንጋውና ከሙሽሪት የወለድካቸው ማለቴ ነው። ጉዳዩ የመጣውም በእነሱ ነው።

አይሪስ ቤታችን የገባበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ሰበታ አበባ እርሻ ትሠራ ነበር። የውጭ አገር ሰው የሆነው ሥራ አስኪያጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ከግቢው ነቅለው የጣሏቸውን ለቃቅመህ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመህ መጣህ። ጆንያውን ስፈታው ዝንጅብል የመሰለ ሥር ነው። ወጥ የሚሠራበት መስሎኝ ልልጠው ቢላዋ ሳነሳ እጄን ያዝከኝ። ሲያብብ ነው የገባኝ። ሦስት ቅጠል ወደ ላይ ቆሞ፣ ሦስት ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ በተንጠለጠለው ላይ ደግሞ እንደ ጢም ያለ ቢጫ ፀጉር። አበባ ጢም ሲያበቅል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ማዳቀሉን ጀመርክ። አበባው ተከፍቶ ሳያልቅ ንብ የምታርፍበትን ተንጠልጣይ ቅጠል ትቀነጥሳለህ፣ ከሌላው አበባ ያመጣኸውን ዱቄት በቀጭን ብሩሽ ትቀባለህ፣ አገዳው ላይ ክር ታስራለህ። ይኼ እንኳ ቀላሉ ነበር። የሚያስጨንቅህ እናትና አባት መምረጡ ነው። ወንበር አውጥተህ መደቡ ፊት ትቀመጥና ልጁን እንደሚድር ሰው ታስባለህ። የዕድር ሰዎች በአጥሩ ሲያልፉ "ተሾመ፣ ዛሬስ ማንን ለማን ጠየቅህ?" እያሉ ይስቁብህ ነበር። አገር ሽማግሌ እንኳ እንዳንተ ዘር አይቆጥርም። "መጀመሪያ ሥሩን እይ" ትለኝ ነበር፣ "ከዚያ አገዳውን። መልክ የመጨረሻ ነው። ደግሞ አንድ ዓይነት ጉድለት ያለባቸውን አታጋቢ፤ የአንዱን ጉድለት ሌላው መሙላት አለበት።"

ሙሽሪትን እኔ ነኝ ስም ያወጣሁላት። ነጭ፣ ጠርዟ እንደ ነጠላ ጫፍ የተሸበሸበ፣ ያየ ሁሉ የሚቆምላት። ችግሯ ክረምት ነው። ዝናቡ ሲበረታ ሥሯ ይለሰልስና ይበሰብሳል፤ ሽታው ደግሞ ቤት ድረስ ይገባል። በየዓመቱ የታመመውን ቆርጠህ ጥለህ የተረፈችውን ቁራጭ እንደ አራስ ነበር የምታስታምማት።

ፉንጋውን ያመጣኸው ለእሷ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ በፌስታል ይዘኸው ገባህ። ሲያብብ እንዲህ ያለ አበባ አለ ወይ አልኩ። ቀለሙ ተረስቶ የፈላ ሻይ፣ ፊቱ ጠባብ፣ ቅጠሉ ዝናብ የመታው ካርቶን። "ከየት አመጣኸው?" ስልህ "እርሻው ቆሻሻ መጣያ ላይ ወድቆ" አልከኝ። ለሙሽሪት የመረጥክላት ባል እሱ መሆኑን ስትነግረኝ ተጣላን። እኔ ወይን ጠጁን፣ ያን ግርማ ያለውን አጭቼላት ነበር። አንተ ግን "ወይን ጠጁም ይበሰብሳል ብርቄ። ይኼ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ላይ ቆሞ አይበሰብስም" አልክ። ቤታችን ሳይከርም፣ ያውም በቆሻሻ ላይ የተገኘ፣ ክረምቱን እንደሚችል በምን አወቅህ? ይህን ያኔ አልጠየቅሁህም። አሁን ግን በሌላ በሌላው ሁሉ ስጠረጥር ከርሜ ይኼን ዋናውን ማለፌ ይቆጨኛል።

የኦቦ ዲሪባን ነገር ታስታውሳለህ። ከእርሻው ጀምሮ ጓደኛህ ነው፤ ቡራዩ፣ ገፈርሳ መንገድ ላይ ችግኝ የሚሸጥ። አንድ ጊዜ በስጦታ ያመጣልህ አይሪስ በሽታ ይዞ ገብቶ አንዱን ረድፍ እንዳለ አበሰበሰብን። ያን ቀን እኔ "ከእንግዲህ ከዚያ ሰው እጅ የወጣ ቅጠል በሬን አያልፍም" አልኩ፣ አንተም "እሺ" አልክ። እሺታህ በጣም ፈጥኖ ነበር። እሱንም ያኔ ልብ አላልኩትም።

አንተ ግንቦት ላይ ስታርፍ ያዳቀልካት ሙሽሪት ፍሬዋን ይዛ ነበር። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ኦቦ ዲሪባ ሲያለቅስ ውሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጠጋ አለኝና "ብርቄ፣ ፍሬው ደረቀ እንዴ?" አለኝ። ሰው ለቅሶ መጥቶ እንዲህ ይጠይቃል? ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ፍሬው እንዳለ ነው። ገና አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰውየውን በሌላ ዓይን አየሁት፣ አንቱም አልኩት። አከበርኩት ማለት አይደለም፣ አራቅሁት እንጂ። ሲመጣ "አካም ጅርታ ብርቄ?" ይለኛል፣ እኔ "ደህና ነዎት ኦቦ ዲሪባ?" እለዋለሁ። "ነዎት? መቼ ነው ያረጀሁት?" ብሎ ሳቀ መጀመሪያ። በኋላ መሳቁን ተወ።

ዘሩን ለብቻዬ ዘራሁ፣ ለብቻዬ አበቀልኩ። እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። ሳሎን አስቀምጬው መጋረጃውን እዘጋለሁ፤ እሱ በመጋረጃው ክፍተት ወደ ጓሮ ያያል። አንድ ቀን "ግማሹን ቡራዩ ልትከልልሽ ስጪኝ። ሁሉም አንድ ቦታ አይሁን፤ ሱሉልታን ውርጭ ቢመታት እዚያ ይተርፋል" አለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። ትክክል በመሆኑ የባሰ ጠረጠርኩት። መጥፎ ነገር የሚያስብ ሰው መቼም መጥፎ ምክር ይዞ አይመጣም። በመደቦቹ ዙሪያ አመድ መነስነስ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት የጫማ ዱካ አገኘሁና ደሜ ፈላ፤ ማርታ ናት "እማማ፣ ትናንት የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ገብቶ ነበር እኮ" ያለችኝ። አንባቢውንም ማን ልኮት ይሆን ብዬ አላሰብኩም አልልህም።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ አበቡ። ተሼ፣ ብታያቸው! አንዳንዶቹ ምንም አይሉም። አንዷ ግን የእናቷን ስፋትና ሽብሽብ ይዛ፣ ነጩ ላይ የአባቷ ሻይ ቀለም እንደ ቀጭን ጅማት ተስቦበታል። አስቀያሚው ቀለም ቀጭን ሲሆን እንዲህ ያምራል ብዬ አላስብም ነበር። ክረምቱንም ሥሯ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነው ያለፈችው። አገዳዋ ብቻ ደካማ ነው፤ አበባው ሲከብዳት ትጎብጣለች።

በዚያው ሰሞን ማርታ ቡራዩ ለጸሎት ጉባኤ ሄዳ ተመለሰች። ስልኳን ከፍታ "እማማ፣ ይቺ ያንቺ አበባ አይደለችም?" አለችኝ። አየሁ። ያቺው ጅማት፣ ያው ነጭ። "የት ነው ያነሳሽው?" ስላት "ገፈርሳ መንገድ ላይ ችግኝ ቤት" አለች። ቁጭ አልኩ። ለካ ታውቆኛል፣ ለካ አልተሳሳትኩም አልኩ። ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ? ሲጠረጥሩ ከርሞ እውነት ሲሆን ደስ የሚል ክፉ ነገር አለው።

በማግሥቱ በፒያሳ፣ በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ሄድኩ። ኦቦ ዲሪባ ጽድ ለሚገዙ ሰዎች ችግኝ እየጫነ ነበር። ከኋላው፣ በመደብ ተደርድረው ቆመዋል፤ የልጆችህ እህቶች። ፊታቸው ከእኔዎቹ ጠበብ ይላል፣ አገዳቸው ግን እንደ ጦር ቀጥ ያለ። ሰላም እንኳ አላልኩትም። "ከማን መደብ ነው የሰረቁት?" አልኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ችግኙን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ከማንም አልሰረቅሁም ብርቄ። የእኔና የተሾመ ናቸው።"

"ተሾመን ምስክር ይጥሩ እንግዲህ!"

ይህን ስለው ፊቱ ተለወጠ። የሚገዙት ሰዎች ወደ መኪናቸው ዘወር አሉ። እሱ እጁን በሱሪው ጠረገና "ኮቱ፣ ነይ" ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። እናቱ አዴ ሎሚ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከትውልድ መንደራቸው ከተጂ አምጥቶ እሱ ጋር ነው የሚጦራቸው። ከእግራቸው አጠገብ ሰፊ ዘለላ ሆኖ የበቀለውን ግን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፉንጋው ነው። ተሼ፣ አንድ አይደለም፤ ሙሉ ጥግ ይዞ።

"ይኼ ከተጂ ነው፣ ከሃርሜ፣ ከእናቴ አጥር ሥር" አለኝ ዲሪባ። "እኛ ልጅ ሆነንም ነበር። ክረምት አጥሩ ሥር ኩሬ ይሆናል፤ በዚያ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲከርም ያየሁትን ነው ለተሾመ የነገርኩት። ራሱ ሄዶ ቆፈረው።"

እኔ ከእርሻው ቆሻሻ መጣያ እንደመጣ ስናገር አዴ ሎሚ ቀና አሉ። በኦሮምኛ ነው የመለሱልኝ፤ ባልናገረውም እሰማዋለሁ፤ እንደተቆጡ ያስታውቃል። ያ ረጅሙ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ሲቆፍር እንደነበር ነገሩኝ። የተሻለ መልክ ያለው ውሰድ ቢሉት እምቢ ብሎ ይኼን መረጠ። "ሚስትህ ምን ትልሃለች?" ብለው ቢጠይቁት "ከቆሻሻ ላይ አገኘሁት እላታለሁ" ብሎ ሳቀ፤ "የእኔ አጥር ነው ቆሻሻው?" ብለው ጭቃ የነካ እጁን መቱት። ትከሻህን እንዴት አድርገው እንዳሳዩኝ! ያን ሲያደርጉ አንተን አየሁ።

እኔ ግን በዚህም አላመንኩም። እናት ለልጇ ትመሰክራለች፤ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ደግሞ ብዙ ሰው አለ። "ይሁን" አልኩ፣ "አባትየው እዚህ አለ። ሙሽሪት ግን ከእኔ ግቢ ወጥታ አታውቅም። የእሷ ደም እዚህ እንዴት ደረሰ?"

ዲሪባ ወደ መሬት አየ። "እኔ ይኼኛውን እናት አደረግኩ፤ እሱ እዚያ አባት አደረገው። የሙሽሪትን ዱቄት ራሱ ነው ያመጣልኝ። በክብሪት ቀፎ።"

ተሼ፣ እዚህ ላይ ነው ያመንኩት። ያን የክብሪት ቀፎ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የመጨረሻዋ መጋቢት ላይ ኮትህን ሳራግፍ ከኪስህ አግኝቼ፣ ሲጋራ ጀምረሃል ብዬ እንዴት እንደጮህኩብህ! ውስጡ ቢጫ ብናኝ ነበረ፤ ትምባሆ መሰለኝ። አንተ አንገትህን ደፍተህ "ሁለተኛ አላጨስም" ብለህ ማልክልኝ። ባላጨስከው ሲጋራ ንስሐ ገባህ። እውነቱን ብትናገር የዲሪባ ስም ሊመጣ ነው፤ የዲሪባ ስም ከመጣ ፉንጋው ተነቅሎ አጥር ሊሻገር ነው። ስለዚህ አጫሽ መባልን መረጥክ። ከዚያ በኋላ በየማታው ኮትህን ሳሸትት ዝም ብለህ ትቆምልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምንም ሳይሸተኝ "ተሻለው" እያልኩ እመሰግን ነበር።

"ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?" አልኩት ዲሪባን። "ድንኳኑ ውስጥ ልነግርሽ ነበር፤ ፍሬው ከደረቀ አብረን እንዝራ ልልሽ" አለ። "ስትነሺ ጊዜ ተውኩት። ከዚያ አንቱ አልሽኝ። አንቱ ለተባለ ሰው እንዲህ ያለውን ማውራት ይከብዳል። ደግሞ እሱ ደብቆሽ የሞተውን እኔ ምን ብዬ ላውጣው?"

አዴ ሎሚ "ታኢ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ" ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። ሰው ፊት ሌባ ላልኩት ሰው ሰው ፊት ይቅርታ ብዬ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ተመለስኩ። የተቆጣሁት በእሱ አልነበረም። መንገዱን ሙሉ ከአንተ ጋር ስጣላ ነው የመጣሁት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ "ደህና ነሽ?" አለችኝ፤ ለካ ድምፄ ይሰማል። ቤት ገብቼ ፎቶህን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። እስኪ ይህ ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ እውነቱን ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር? ከዚያ ደግሞ ምን እንደማደርግህ አሰብኩ። ፉንጋውን ነቅዬ እጥለው ነበር፤ እርግጥ ነው። ፎቶህን መለስኩት። ይቅር ማለቴ ግን አይደለም፣ አቧራውን መጥረግ ስለነበረብኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ወንበርህን አውጥቼ መደቡ ፊት ተቀመጥኩ። የእኔዋ ፊቷ ሰፊ፣ አገዳዋ ደካማ። የቡራዩው ፊቱ ጠባብ፣ አገዳው ጦር። የሁለቱም ሥር ከፉንጋው የመጣ፣ ውኃ የማይበግረው። እህትና ወንድም ማጋባት በሰው ነውር ነው፤ በአበባ ግን አንተም ስታደርገው አይቻለሁ። ማንም አልመከረኝም፣ ራሴ መረጥኩ። ለዲሪባ ደወልኩና "አገዳው ጥሩ የሆነውን ይዘህ ና፣ ከነሥሩ" አልኩት።

መጣ። በሩ ላይ አስቆምኩት። በባልዲ ውኃ በረኪና በጥብጬ ነበር፤ አካፋውን አጠብኩ፣ የጫማውን ሶል አጠብኩ፣ የተክሉን ሥር አገላብጬ አሸተትኩ፣ የለሰለሰ ካለ ብዬ በጥፍሬ ወጋ ወጋ አደረግኩት። እሱ እግሩን በየተራ ያነሳልኝ ነበር። "እኔንስ አታጥቢኝም?" አለ። "ባልዲው ቢበቃህ ኖሮ አንተንም እነክርህ ነበር" አልኩት። ከሌሎቹ ራቅ አድርገን፣ ለብቻው ተከልነው። አበባው ሲከፈት ተመልሶ መጣና እሱ ቅጠሉን ቀነጠሰ፣ እኔ ቀባሁ። ብሩሹን ልቀበልሽ ቢለኝ አልሰጠሁትም። ክሩንም እኔው አሰርኩ። ሲወጣ "ገለቶሚ" አለኝ፤ አመሰግንሻለሁ ማለቱ ነው። እኔ ግን እስኪያብብ ድረስ ማንም ማንንም አያመስግን አልኩ።

ፍሬው አሁን አውራ ጣት አክሏል። ክረምቱ ሳይከብድ ይደርቅ ይሆናል። የሚወጣው ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ እስኪያብብ ብዙ መጠበቅ አለብኝ፤ ካንተ በቀር ይህን ያህል ለመጠበቅ ትዕግሥት ያለው ሰው አላውቅም ነበር፣ እኔም ያለኝ አይመስለኝም ነበር። እናቱ ማን ናት፣ አባቱ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ግን እንዳለ እናገራለሁ፤ ከተጂ፣ ከአዴ ሎሚ አጥር ሥር፣ ባሌ ተንበርክኮ ቆፍሮት፣ ለእኔ ዋሽቶ ያመጣው እላለሁ።

አስታውስሃለሁ ተሼ። እንደ ሐውልት ጽሑፍ፣ ደጉ፣ ቅኑ፣ ሩኅሩኁ እያልኩ አይደለም። ኪስህን እየፈተሽኩ ነው የማስታውስህ። እንዲህ ያለ ውሸት ከቻልክ ሌላም ሳይኖር አይቀርም። ያ ሰማያዊው፣ ከአጥሩ ጥግ ያለው፣ እሱንስ በእውነት ከሥራ አስኪያጁ ግቢ ነው ያመጣኸው? እጠረጥራለሁ። እኔ እንደሆንኩ የጀመርኩትን ሳላገኝ አልተውም፤ እስካገኝህ ድረስ ደግሞ አልረሳህም።

ብርቄ
ከሱሉልታ